«ካውንስለር ነኝ» ያለ ሁሉ ካውንስለር ነው? ስለ ሱስ አማካሪዎች ሥልጠናና ዕውቅና ከወሎ የሚነሱ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ትምህርት ቤት ነው የምሠራው። ተማሪ አማክራለሁ። ሥራዬ ሱስ ላይ አይደለም። ግን አንዴ «አማካሪ» የሚል ስም ከወጣልህ ሰው አይለይም። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ እንኳ «ወንድሜ መጠጡ ባሰበት፣ ወዴት ልውሰደው?» እባላለሁ። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ደግሞ «የሱስ አማካሪ እንዴት ይኮናል?» እያሉ ይደውላሉ። ዞሮ ዞሮ ሁለቱም የሚጠይቁት ማን ባለሙያ እንደሚባል ነው። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ምክርማ ሽማግሌም ይመክራል። የሱስ አማካሪ ምን የተለየ ነገር አለው?

ሽማግሌ «ተው ልጄ» ይላል። ክፋት የለውም። ግን «ተው» ተብሎ የማያውቅ ጠጪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሚስቱ ብላዋለች፣ እናቱ አልቅሳ ብላዋለች፣ ንስሐ አባቱ ወይም ሸሁ ብለውታል። እሱ ራሱም በየጠዋቱ ለራሱ ይለዋል።

የሠለጠነ ሰው የሚጀምረው ከመጠየቅ ነው። ምን ትወስዳለህ? ስንት? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ስታቆም ምን ትሆናለህ? ለዚህ የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ። «ኦዲት» የሚባለው ለአልኮል ነው፣ 10 ጥያቄ አለው። «አሲስት» ደግሞ በ8 ጥያቄ ትምባሆውንም፣ አልኮሉንም፣ ሌላውንም አብሮ ያያል። ሁለቱም ከዓለም ጤና ድርጅት የወጡ ናቸው። ከዚያ የሕክምና ዕቅድ አለ፣ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር አለ፣ ድንገተኛ ሲመጣ መድረስ አለ፣ መዝገብ መያዝ አለ፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም መላክ አለ። አሜሪካኖቹ ይህን ሁሉ 12 የሥራ ድርሻ ብለው ይቆጥሩታል። ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ማማከሩ ከ12ቱ አንዱ ብቻ ነው።

ማማከሩም ቢሆን እንደምናስበው አይደለም። ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ጻፈ። አማካሪው «አቁም» እያለ ሲከራከር ጠጪው ለመጠጡ ጠበቃ ይሆናል፤ ስለዚህ የመለወጡን ምክንያት ራሱ ሰውየው እንዲናገረው አድርግ የሚል ነው። አንድ ወዳጄ ሲሠራበት አይቻለሁ። አንዱን ሰውዬ «ከአረቄው ምን ጥሩ ነገር ታገኛለህ?» አለው። ሰውየው ግራ ገባው። ስድብ ነበር የጠበቀው። ትንሽ ቆይቶ «እንቅልፍ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ አረቄ አልተወራም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከነቤተሰቡ የተሰደደበትን ሌሊት ነው ያወራው። አረቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር።

ማንም ተነስቶ «የሱስ አማካሪ ነኝ» ማለት ይችላል?

ማለቱንማ ይችላል። የሚያስከፍለውን ዋጋ ግን እኔ ቤተሰብ ውስጥ አይቼዋለሁ።

አጎቴ ዓመታት የጠጣ ሰው ነው። ጠዋት ሳይቀምስ እጁ ሲኒ አይዝም ነበር። አንድ ቦታ ወሰድነው፤ ስሙ ይቅር። ግድግዳው ሰርተፊኬት በሰርተፊኬት ነው። አማካሪ ነኝ ያለው ሰውዬ አንደበተ ርቱዕ ነው። ግማሽ ሰዓት መከረና «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንዳይነኩ፣ ወንድ ከሆኑ» ብሎ ሸኘን። በቀን ስንት እንደሚጠጣ አልጠየቀም። ገንዘቡን ግን ቆጥሮ ነው የተቀበለው።

አጎቴ ወንድ ሆነ፤ አቆመ። በማግሥቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላቡ ፍራሹን አራሰው። በሦስተኛው ሌሊት ብርድ ልብሱ ላይ ጉንዳን ይለቅም ገባ። ጉንዳን ግን አልነበረም። እኛም «ሰይጣኑ ሊወጣ ሲል ነው» አልን። ሊነጋጋ ሲል በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ተረኛዋ ነርስ ገና በሩ ላይ «አባቴ፣ የመጨረሻዋን መለኪያ የጠጡት መቼ ነው?» አለችው። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው።

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። መንቀጥቀጡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ይከተላል። ይህ ሰው ይገድላል። መድኃኒቱ ታውቆ ያደረ ነው፤ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ 1 ማንም የማያውቃቸው ነገሮች አይደሉም። የሚሰጠው ግን የጤና ባለሙያ ነው። አማካሪ መድኃኒት አያዝም። አማካሪ ሊያውቅ የሚገባው መቼ ሐኪም ጋ እንደሚልክ ነው። ለእኔ የሥልጠና መለኪያው ይሄ ነው። ሰርተፊኬቱን ከዚህ በኋላ አየዋለሁ።

እዚህ አገር ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?

ጤና ላይ የሚሠራ ሰው ፈቃዱን የሚይዘው በመነሻ ሙያው ነው። ነርስ በነርስነቱ፣ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ በዚያው፣ ጤና መኮንን በጤና መኮንንነቱ፣ ሐኪም በሐኪምነቱ። ምዝገባውና ፈቃዱ በጤና ሚኒስቴርና በክልል ጤና ቢሮ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ለእኛ የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ማለት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲስ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳሉ። ፈቃዱ የማያልቅ ነገር አይደለም፤ ይታደሳል። ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል።

ሳይኮሎጂ ወይም ሶሻል ወርክ ተምሮ የሚያማክርም አለ። እኔም ከነሱ ነኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አይምታታ። ዲግሪ ተምረሃል ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተናም መመረቅህን ነው የሚያረጋግጠው። «ሱስ ያለበትን ሰው ብቻህን ያዝ» የሚል ወረቀት አይደለም። የእኔ ዲግሪ ውስጥ ሱስ ምዕራፍ ነበረው። አንድ ምዕራፍ! እሱም ፈተና ላይ አልመጣም።

ታዲያ ለሱስ ብቻ የሆነ ዕውቅና የለም?

በዓለም ደረጃ አለ። እዚህ አገር በብዛት የሚነሳው ከኮሎምቦ ፕላን የወጣው ነው። ኮሎምቦ ፕላን መቀመጫውን ስሪላንካ ያደረገ የመንግሥታት ድርጅት ነው። ለሱስ ሕክምና ባለሙያዎች የሚሆን ወጥ ሥርዓተ ትምህርት አለው። «አይካፕ» የሚባል የዕውቅና ደረጃም አብሮት መጥቷል፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይወጣል። ደረጃው የሚወሰነው በትምህርት፣ በሥራ ልምድና በፈተና ነው። የሥነ ምግባር ደንብም ይፈረማል።

የመጀመሪያው እርከን 8 ኮርሶች አሉት። የሚያሰክሩ ነገሮች አንጎልን ምን እንደሚያደርጉት፣ ሕክምናው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ሱስና የአእምሮ ሕመም አብረው ሲመጡ፣ የማማከር መሠረታዊ ችሎታ፣ ልየታና ዕቅድ፣ ጉዳይ መከታተል፣ ቀውስ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ሥነ ምግባር። ልብ በሉ፣ ከስምንቱ ማማከርን በስሙ የሚያነሳው አንዱ ነው። ያ አንደበተ ርቱዕ ሰውዬ ያንን አንዱን በደንብ ይዞት ሊሆን ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል ቢሮ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ የተሻሻለ የሕክምና ደረጃ በ2020 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። የአሜሪካ መንግሥት ሰነድ ደግሞ አንድ የሱስ አማካሪ ሊኖረው የሚገባውን ብቃት ቆጥሮ ቆጥሮ 123 አድርሶታል። ብዛቱ ያስፈራል። ግን ዝርዝሩን ስታየው አብዛኛው «አዳምጥ፣ ጻፍ፣ አትዋሽ፣ ካልቻልክ ላክ» ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ለባለሙያዎች የተቋቋመ ዓለም አቀፍ ማኅበር አባል መሆን ዕውቅና አይደለም። የአባልነት ካርድ ፍሬም ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አይቻለሁ፤ ያምራል።

የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ። ይበቃኛል?

አይበቃም። ለመለየትና ለመላክ ይጠቅማል፤ ለማከም አይሆንም።

ከሱስ የወጣ ሰው ከተማረው ይበልጣል ይባላል። እውነት ነው?

በሐራራ ያላደረ ሰው ሐራራን አያውቀውም። ከሱስ የወጣ ሰው አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ሲያወራ ሰው ያምነዋል። አልኮል ትተው እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ቡድን በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር አንድም ባለዲግሪ አማካሪ አላስፈለገውም ነበር። ዛሬም በብዙ አገር በልምዱ የሚደግፍ ሰው የራሱ የሥልጠና መንገድ አለው።

ችግሩ አንድ ነው። የራሱን መንገድ ለሁሉም ሰው ያዛል። «እኔ ቤት ዘግቼ፣ በራሴ ጉልበት ነው የተውኩት» ይላል። እሱ የተወው ጫት ነበር። ጫት ሲተው ይደብታል፣ ያንጠራራል፣ ያስቃዣል፤ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አይሞትም። አጎቴ ይህን ምክር ቢሰማ ኖሮ እቤት ተዘግቶበት ነበር። ስለዚህ ልምድ ያለውን ሰው አልንቅም። ከባለሙያ ጋር ሲሠራ እንቁ ነው። ብቻውን ማዕከል ሲከፍት ግን እሰጋለሁ። ደግሞም እሱ ራሱ ገና ያገረሽበት ይሆናል፤ የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል።

ጫት ወሎ ውስጥ ባህል ነው። አማካሪው ዱዓ የሚያደርገውን ሁሉ ሱሰኛ ሊል ነው?

እንዲህ የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ ውጭ አገር በተጻፈ ወረቀት ብቻ የሠለጠነ ነው። እኛ አገር ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ጉባኤ፣ ተቀምጦ፣ ጭሱ ተጭሶ፣ ቡናው አቦል በረካ እያለ፣ ጫቱ ተመርቆ ነው የሚያዘው። ጠብ የሚታረቀው፣ ዝናብ የሚለመነው እዚያ ነው። ክርስቲያን ጎረቤትም አብሮ ቁጭ የሚልበት ቤት አለ። ይህን «በርጫ» ብሎ ጎዳና ላይ ከሚቃም ጫት ጋር አንድ የሚያደርግ ሰው ከበሩ ይመለሳል።

ግን ደግሞ ባህል ነው ብሎ ዓይን መጨፈንም አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ ሌሊት የሚነዳ ሾፌር የሚቅመው ለዱዓ አይደለም። ተማሪዬ ከሰዓት ክፍል የሚቀረው ለወዳጃ አይደለም።

የሠለጠነ ሰው የሚለየው እንዲህ ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ምደባ ለጥገኝነት ሦስት ነገር ያያል። መጠኑን መቆጣጠር አቅቶታል? ከሥራው፣ ከልጆቹ፣ ከጤናው አስቀድሞታል? ሰውነቱ ለምዶታል፣ ማለትም መጠኑ ጨምሯል ወይም ሲያቆም ይታመማል? ከሦስቱ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ከተገኙ ጥገኝነት ነው። ዓርብ ዓርብ ወዳጃ የሚቀመጡት አባት ሦስቱንም «የለም» ሊሉ ይችላሉ።

ሕጉም ግራ ያጋባል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ውስጥ ነው። ቅጠሉ ራሱ ግን ስምምነቱ ውስጥ የለም። እኛ አገር በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። አልኮልን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ይከለክላል። አንድ ቀን ደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ ከትምህርት ቤት ፊት ለፊት ቢራ ሲቀዳለት አይቼ ይህን ቁጥር ጠቀስኩ። አሳላፊው «ጋሼ፣ ቁጥሩን ተወውና ቁጭ በል» አለኝ።

አማካሪው የሰፈሩን ቃል ካላወቀ ግማሹ ታሪክ ያመልጠዋል። «ዱካክ ይመጣብኛል» ሲሉት መንፈስ አይደለም፤ ጫት የተወ ወይም ያጣ ሰው በእንቅልፍና በንቃት መካከል የሚያየው የሚያስጨንቅ ቅዠት ነው። «ጨብሲ» የሚለውን ማወቅማ ግዴታ ነው። ከምርቃና በኋላ ለመውረድ የሚጠጣው ነው። ጫቱን ብቻ ጠይቆ ጨብሲውን ያልጠየቀ ሰው አልኮሉን ሳያየው ያልፋል። ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚጎዳው ደግሞ እሱ ነው።

ጠበል ወይም ዱዓ ላይ ያለን ሰው አማካሪው ማስቆም አለበት?

ኧረ ምን ሲደረግ! ሰው ግሸን ተስሎ፣ ሸህ ቤት ከርሞ ነው አማካሪ ጋ የሚመጣው። አማካሪው ሁለት ነገር ይጠይቅ። የሚወስደው መድኃኒት ተቋርጧል ወይ? አልኮል ያቆመው እዚያው ጠበል ላይ፣ ሐኪም ሳያየው ነው ወይ? እነዚህ ከተስተካከሉ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ወሎ ውስጥ ሆኜ ይህን ሙያ መማር እችላለሁ?

መነሻውን አዎ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው፤ ሳይኮሎጂም ይሰጣል። ከሁለቱ የቱን ልምረጥ ለሚሉኝ፣ ሱስ ላይ ለመሥራት ከሆነ ሳይካትሪው ይቀርባል እላለሁ። ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ያስቆምሃል። ፈቃዱም ግልጽ ነው። ሳይኮሎጂ የተማርኩ ሰው ይህን ስል ጓደኞቼ ይቆጣሉ፣ ይቆጡ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጎንደር ወይም ጅማ የሚሄድ አለ፤ ሁለቱም በአእምሮ ጤና የታወቁ ናቸው። እጅ ለማፍታታት ግን አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያለ የአገሪቱ ትልቁ የአእምሮ ሆስፒታል ነው፤ የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ አንድ ወር የተቀመጠ ልጅ ከመጣ በኋላ አነጋገሩ ይለወጣል፤ መጀመሪያ የሚለወጠው ደግሞ መናገሩን መቀነሱ ነው።

ከሥልጠናው ሁሉ የሚናቀው ክትትል ነው። ልምድ ባለው ሰው ሥር ሆኖ መሥራት፤ «ትናንት ያየሁት ሰው እንዲህ አለኝ፣ ምን ማለት ነበረብኝ?» ብሎ መጠየቅ። ኮርስ በኢንተርኔት ይወሰዳል። ይሄ አይወሰድም። ደሴ ውስጥ እንዲህ የሚከታተልህ ሰው ማግኘት ኮርሱን ከማግኘት ይከብዳል። ካገኘህ አጥብቀህ ያዘው፣ ቡናውን አንተ ክፈል።

የነገርኩት ነገር ሰፈር ውስጥ ይሰማል ብዬ እፈራለሁ።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ወሎ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? አማካሪው የአክስትህ ልጅ ባል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሚስጥር መጠበቅ የየትኛውም የሱስ አማካሪ ደንብ ላይ አለ። የሚጣሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው፤ ለምሳሌ ራሱን ሊያጠፋ ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲል። ጥሩ አማካሪ ይህን የመጀመሪያው ቀን፣ ሳትጠይቀው ይነግርሃል። «መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ልበልህ ወይስ ልለፍህ?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው አትልቀቀው። ስለ ሌላ ደንበኛ ስም ሳይጠራ እንኳ የሚያወራልህን ግን ተነሥተህ ውጣ። ነገ ስላንተ ያወራል።

«ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይሆንም?

ባቲ የሰኞ ገበያ ወርዶ ግመል ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው አለ? የለም። ሻጩም አይቀየምም፤ አፉን ራሱ ይከፍትለታል።

ባለፈው አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው አንድ ወጣት አማካሪ ጋ ሲሄዱ አብሬ ሄጄ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉና «ልጄ፣ አትቀየመኝና የተማርከው ምንድን ነው? ፈቃድህስ?» አሉት። እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አየሁ። አማካሪው ተነሣ፣ ግድግዳው ላይ ካለው አንድ ፍሬም አወረደና በሁለት እጁ ሰጣቸው። የሳይካትሪ ነርስነት ፈቃዱ ነው። ማንበብ አይችሉም። ለእኔ አቀበሉኝ። «ቀኑን እይልኝ፣ አልፎበት እንዳይሆን» አሉ።

አላለፈበትም።